«ኮች» መኪና ነው፣ ወንበር ነው ወይስ ሰው?

ጥያቄው የመጣው ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ጠያቂዋ እናት ናቸው። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦

«አሜሪካ ከመጣሁ ሦስት ዓመቴ ነው። ‹ኮች› የምትባል ቃል ግራ አጋባችኝ። ልጄ ከኳስ ሲመጣ ‹ኮች እንዲህ አለ፣ ኮች እንዲያ አለ› ይላል። ሰውዬው ስም የለውም እንዴ? ለንደን እህቴ ጋ ልሄድ ትኬት ስቆርጥ ደግሞ ልጅቷ ‹ኮች ነው የያዝኩልዎ› አለችኝ። እህቴ ‹ከቪክቶሪያ በኮች ወደ በርሚንግሃም እንሄዳለን› ትላለች። በዚህ ላይ የአክስቴን ልጅ ይዤ ጠበቃው ጋ ብሄድ ‹ኮች ያደረገህ ሰው አለ ወይ ብለው ሊጠይቁህ ይችላሉ› አለው። መዝገበ ቃላት ባይ ‹ሰረገላ› ይላል። ሰረገላ እዚህ ምን ጥልቅ አደረገው? አንድ ቃል ነው ወይስ አራት?»

መልሱን ላስቀድም። ቃሉ አንድ ነው። አራቱም ከአንድ ጋሪ የወረዱ ናቸው። መዝገበ ቃላትዎም አልዋሸም፤ የነገረዎት አባትየውን ነው፤ ልጆቹን ግን ዝም አለ።

እኔ ከሃያ ዓመት በላይ በአማርኛና በእንግሊዝኛ መካከል በአስተርጓሚነት ስሠራ ኖሬያለሁ። በዚህች ቃል የተነሳም አንድ ቀን በሰው ፊት አፍሬያለሁ። እሱን በኋላ እነግርዎታለሁ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቃሉ ከነአካቴው እንግሊዝኛ አይደለም። ሀንጋሪ ውስጥ፣ ከቪየና ወደ ቡዳ በሚወስደው የድሮ መንገድ ላይ፣ አንዲት መንደር አለች። ስሟ ኮች ነው። ልክ በፊደላችን እንደምንጽፈው። እንግሊዞቹ ጎተት አድርገው «ኮውች» ይሉታል፤ የመንደሯ ሰዎች ግን እንደ እኛ አጠር አድርገው ነው የሚጠሩት። ስለዚህ በአማርኛ አነጋገርዎ የሚስቅብዎ ካለ፣ ሀንጋሪዎቹ ከእርስዎ ጋር ናቸው።

በ15ኛው ክፍለ ዘመን የዚህች መንደር ጋሪ ሠሪዎች ቀለል ያለና ፈጣን ባለ አራት ጎማ ጋሪ በመሥራት ስም አወጡ። ሀንጋሪዎች የቦታ ስም ላይ «ኢ» ይቀጥላሉ። እኛ ከጎንደር ጎንደሬ፣ ከመንዝ መንዜ እንደምንለው ነው። ጋሪው «ኮቺ ሰኬር» ተባለ። «ኮቼ ጋሪ» እንደማለት። ውሎ አድሮ ጋሪ የሚለው ቃል ወደቀና «ኮቺ» ብቻውን ቀረ። ይሄ እኛም ቤት ያለ ነገር ነው። ቡና ቤት ገብቶ «አንድ ይርጋጨፌ» የሚል ሰው ከተማዋን አይደለም ያዘዘው።

ጋሪው አውሮፓን ሲዞር ስሙም አብሮት ዞረ። ጀርመኖች «ኩቸ» አሉት፣ ፈረንሳዮች «ኮሽ»፣ ስፔኖች «ኮቼ»። ሜክሲኳዊ ጎረቤት ካለዎት «ሚ ኮቼ» ሲል ሊሰሙት ይችላሉ። መኪናዬ ማለቱ ነው። ሀንጋሪዎችም ዛሬ «ኮቺ» የሚሉት የቤት መኪናቸውን ነው። እንግሊዝ አገር ቃሉ የገባው በ1550ዎቹ ነው። የነገሥታትና የመኳንንት ነበር። በ1762 የተሠራው በወርቅ የተለበጠው የእንግሊዝ ንጉሣዊ ሰረገላ እስከ ዛሬ ስሙ ኮች ነው። ስምንት ፈረሶች ይጎትቱታል፣ አራት ቶን ያህል ይመዝናል። ንጉሥ ቻርልስ በ2023 ዘውድ ጭነው ከዌስትሚንስተር ሲመለሱ የተሳፈሩት በእሱ ነው። መዝገበ ቃላትዎ «ሰረገላ» ያለው ይህንን ዓይነቱን ነው።

አንድ ነገር ጣል ላድርግ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ የኛ ሰው፣ ጃንደረባው፣ ኢሳይያስን እያነበበ የሚጓዝበት ሰረገላ በእንግሊዝኛው መጽሐፍ ቅዱስ ኮች አይባልም። «ቻሪየት» ነው የሚባለው። ቻሪየት የጥንቱ ነው፤ ኮች ደግሞ የኋለኛው፣ ባለ ክፍሉና ባለ በሩ። በአማርኛ ሁለቱንም ሰረገላ እንላቸዋለን። ስለዚህ ልጅዎ የሰንበት ትምህርት ላይ ተርጉም ቢባል ኮች እንዳይል።

ወደ መንገዱ እንመለስ። የእንግሊዝ ኮች ከቤተ መንግሥት ወጥቶ የሕዝብ ማመላለሻ ሆነ። ፈረስ ይደክማል። ስለዚህ በየአሥር፣ በየአሥራ አምስት ማይሉ ፈረስ የሚቀየርበት ማረፊያ ተሠራ። ከማረፊያ እስከ ማረፊያ ያለው መንገድ «ስቴጅ» ይባል ነበር። «ስቴጅኮች» የሚለው ስም የመጣው ከዚያ ነው፤ እዚህ ላይ ስቴጅ የቲያትሩን መድረክ ማለት አይደለም። የሚገርመው ግን በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ የቲያትር ሰው አለ። ባዝ በምትባል ከተማ የቲያትር ቤት ባለቤት የነበረ ጆን ፓልመር የሚባል ሰው፣ ተዋንያንና ዕቃ በፍጥነት የማጓጓዝ ልምድ ስለነበረው፣ «ደብዳቤም በኮች ይሂድ» ብሎ መንግሥትን ጨቀጨቀ። ነሐሴ 2 ቀን 1784 የመጀመሪያው የፖስታ ኮች ከብሪስቶል ተነስቶ በ16 ሰዓት ለንደን ገባ። ከዚያ በፊት ፖስታው እስከ 38 ሰዓት ይፈጅ ነበር።

ከዚያ ባቡር መጣ። በ1830 የሊቨርፑልና የማንቸስተር መስመር ሲከፈት የአንደኛ ማዕረግ ተሳፋሪዎች የሚቀመጡበት ክፍል የሦስት ስቴጅኮች አካል አንድ ላይ የተሰፋ ይመስል ነበር። ሰዎቹ የሚያውቁት ቅርጽ ያ ነዋ። ስሙም አብሮ ሐዲድ ላይ ወጣ። የባቡር የመንገደኛ ክፍል ኮች የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው። እኛ ፉርጎ እንላለን። የእኛን ሐዲድ የዘረጉት ፈረንሳዮች ስለሆኑ ፉርጎንም ለገሃርንም ከእነሱ ወሰድን። እንግሊዞች ዘርግተውት ቢሆን ኖሮ ድሬዳዋ ላይ «ሦስተኛው ኮች ውስጥ ቦታ አለ» እንል ነበር ማለት ነው።

የእህትዎ ኮች እዚህ ላይ ይመጣል። ፈረሱ ሄዶ ሞተር ሲተካ እንግሊዞች ረጅም መንገድ የሚሄደውን አውቶብስ ኮች ማለታቸውን አልተዉም። በእነሱ ቤት ባስና ኮች የተለያዩ ናቸው። ባስ የከተማ ነው፤ በየፌርማታው ይቆማል፣ ሰው ቆሞ ይሄዳል። ኮች ከከተማ ከተማ ነው፤ ወንበር ይያዝለታል፣ ሻንጣ ከወለሉ በታች ይገባል። በአማርኛ ቁርጥ ያለ ስም አለው፦ አገር አቋራጭ። እህትዎ አዲስ አበባ ቢሆኑ «በሰላም ባስ እንሄዳለን» የሚሉት ዓይነት ጉዞ ነው። አሜሪካኖች ግን ይሄንንም «ባስ» ብለው ይገላገላሉ። «ሞተር ኮች» የሚሉት ለጉብኝት የሚከራየውን ምቹውን ነው።

ታዲያ ትኬትዎ ላይስ? አሜሪካኖች ኮችን ከባቡር ወስደው አውሮፕላን ላይ ሰቀሉት። በአሜሪካ ባቡር ገንዘብ ያለው በባለ አልጋው ክፍል ይሄድ ነበር፤ ሌላው ሰው ተራ ወንበር ባለው ኮች። በ1940ዎቹ መጨረሻ አየር መንገዶች ርካሽ ትኬት መሸጥ ሲጀምሩ ሕዝቡ የሚያውቀውን ስም ሰጡት። ኮች ማለት እንግዲህ ኢኮኖሚ ነው። ከዋሽንግተን ወደ ኒውዮርክ በባቡር ቢሄዱ ዛሬም «ኮች ወይስ ቢዝነስ?» ይባላሉ። ነገሩን ካሰቡት ያስቃል። የንጉሥ ሰረገላ የነበረው ስም እንግሊዝ አገር አገር አቋራጭ ሆነ፤ አትላንቲክን ሲሻገር ደግሞ ጉልበትዎን አጥፈው ስድስት ሰዓት የሚቀመጡበት ወንበር ሆነ። ለንደን ያለ ሰው ግን «በኮች መጣሁ» ቢሉት በአውሮፕላን መምጣትዎን አይገምትም። እዚያ ሲደርሱ «ኢኮኖሚ» ይበሉ።

አሁን ወደ ሰውየው። ጋሪ እንዴት ሰው ሆነ?

በ1830ዎቹ አካባቢ የኦክስፎርድ ተማሪዎች ለፈተና የሚያዘጋጃቸውን አስጠኚ በቀልድ «ኮች» ማለት ጀመሩ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ኮች መንገደኛውን ተሸክሞ ካሰበበት ያደርሰዋል። አስጠኚውም ሰነፉን ተማሪ ተሸክሞ ፈተናውን ያሳልፈዋል። የአራዳ ቋንቋ ነበር። እኛም እኮ ፈተናን «አለፍኩ» ነው የምንለው፤ እንደ ድልድይ፣ እንደ ኬላ። የሚያሳልፍ ሰው ደግሞ መቼም አይጠላም። ቃሉ ከመጻሕፍት ወደ ጀልባ ቀዘፋ ሄደ፤ በ1860ዎቹ የስፖርት አሰልጣኝ ኮች ይባል ነበር። ከዚያ በኋላ ያለውን ያውቁታል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያየው ነገር አለ። እኛ ኮችን ሁልጊዜ «አሰልጣኝ» ብለን እንተረጉማለን። ለኳስ ልክ ነው። ግን ሁለቱ ቃላት የተለያየ ቤት ልጆች ናቸው። «አሰልጣኝ» ከሥልጣንና ከሥልጣኔ ጋር ዘመድ ነው። «ኮች» ከጎማ ጋር። የኦክስፎርዱ ኮች ደግሞ በአማርኛ አሰልጣኝ ሳይሆን አስጠኚ ነው። ይህችን «አስጠና» የምትል ግሥ ያዙልኝ፤ ጠበቃው ጋ ስንደርስ ትጠቅመናለች።

ልጅዎ «ኮች አለ» ሲል ስም መጥራት ረስቶ ወይም ባለጌ ሆኖ አይደለም። እንዲያውም ተቃራኒው ነው። በአሜሪካ ትምህርት ቤት ኮች ማዕረግ ነው። «የስ፣ ኮች» ይላል ልጁ፤ ስሙን ብቻ ቢጠራው ነውር ነው። እኛ «ጋሼ» ብለን ስም ሳንጨምር እንደምንጠራው አድርገው ያስቡት። ከአርባ ዓመት በኋላ እንኳ ሽማግሌው መንገድ ላይ ቢገናኙ ኮች ብሎ ነው የሚያቅፈው። በእኛም ጋዜጣ ቢሆን «አሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው» ተብሎ ነው የሚጻፈው፤ በ2013 ብሔራዊ ቡድናችንን ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ያበቁት ሰው ናቸው። ማዕረጉ ከስም ይቀድማል። ስለዚህ እርስዎም ሜዳ ዳር ሰውየውን ሲያገኙ «ሃይ ኮች» ቢሉት ትክክል ነው። «ሚስተር ኮች» ግን አይባልም።

እንግሊዝ አገር ይሄ ልማድ ያን ያህል አይደለም። የኳስ ቡድን አለቃ እዚያ «ማናጀር» መባሉ የቆየ ነው፤ ተጫዋቾቹ «ቦስ» ወይም «ጋፈር» ይሉታል።

አሁን ወደ ከባዱ። የጠበቃው ኮች።

ያፈርኩበትን ልናገር። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ነው፤ ቦታውንም ሰዉንም አልጠራም። ቃለ መጠይቅ የምታደርገው ሴትዮ አንድ ወጣት ፊት ተቀምጣ «ዌር ዩ ኮችድ?» አለች። እኔ ሳላስብ «ሥልጠና ወስደሃል?» አልኩት። ልጁ ፊቱ በራ። «አዎ» አለ፣ «ሦስት ወር። ሰርተፊኬትም አለኝ።» የመኪና መንጃ ሥልጠናውን ነበር የሚያወራው። ሴትየዋ ብዕሯን አነሳች። ክፍሉ ፀጥ አለ። ያኔ ነው የገባኝ። ላብ ላብ እያለኝ እጄን አወጣሁና «ስህተቱ የአስተርጓሚው ነው፣ ጥያቄውን እንደገና ልተርጉመው» አልኩ። አስተርጓሚ ስህተቱን ባወቀበት ደቂቃ እዚያው መናገር አለበት። ቤት ገብቶ መጸጸት ለሰውየው ምንም አያደርግለትም።

ሴትየዋ የጠየቀችው ስለ ሥልጠና አይደለም። «ምን ብለህ እንድትመልስ ያስጠናህ ሰው አለ?» ነው ያለችው። አዩ፤ «አስጠና» መጣች። በአማርኛ «የተጠና ቃል ነው፣ ምስክሩን አስጠንተው ነው ያመጡት» እንላለን። ለቤት አስጠኚውም ለውሸት ምስክሩም አንድ ግሥ አለን። እንግሊዝኛው ኮችም በትክክል ይሄንን አደረገ። ከኦክስፎርድ አስጠኚ ተነስቶ ፍርድ ቤት ሲገባ ከረመ። ሁለት ቋንቋ ሳይመካከር እንዲህ አንድ መንገድ ሲሄድ እኔን ሁሌም ደስ ይለኛል።

ለአክስትዎ ልጅ ይህን ንገሩት። ጠበቃ ከደንበኛው ጋር ቁጭ ብሎ ጉዳዩን ማየት፣ ምን ዓይነት ጥያቄ እንደሚመጣ ማስረዳት፣ ቀኖቹን ማስታወስ ያለ ነው፣ ደንብም ነው። ያንን «ፕሪፔር» ይሉታል፤ ማዘጋጀት ነው። «ኮች ማድረግ» ግን ቃሉን አፉ ውስጥ መክተት ነው፤ ያልሆነውን ሆነ በል ማለት። ችግሩ የኛ ሰው ሁለቱን አንድ ላይ ጨፍልቆ «አዎ፣ ጠበቃዬ አሰልጥኖኛል» ይላል። በቅንነት ነው። የሚሰማው ሰው ግን በቅንነት አይሰማውም። እውነቱ መዘጋጀት ከሆነ «ጠበቃዬ ጋ ተዘጋጅተናል፣ የምናገረው ግን የራሴን ነው» ማለት ይቻላል። አስተርጓሚው «ሥልጠና» ካለም ልጁ «ምን ዓይነት ሥልጠና?» ብሎ መልሶ መጠየቅ መብቱ ነው። ከራሴ ስህተት የተማርኩት ነው።

ሌሎቹን በሩጫ። «ላይፍ ኮች» የሚባል ሥራ አለ፤ ገንዘብ ተከፍሎት ሕይወትዎን እንዴት እንደሚያስተካክሉ አብሮዎት የሚያስብ ሰው ነው። በአማርኛ «የሕይወት አሰልጣኝ» ሲሉት ጆሮዬን ይጎረብጠዋል፤ እኛ ቤት ይሄን ሥራ የንስሐ አባትም፣ ታላቅ እህትም፣ ቡና የምታፈላ ጎረቤትም በነፃ ሲሠሩት ኖረዋል። «ስሎውኮች» እንግሊዞች ቀርፋፋ ልጅን የሚቆጡበት ነው፤ እህትዎ ቤት ልጆች ካሉ ይሰሙታል። «በሕጉ መሃል ኮችና ፈረስ ነዳበት» የሚሉትም አለ፤ ሕጉን ትልቅ ቀዳዳ አገኘበትና እንዳልነበረ አደረገው ማለት ነው። ኮች የሚባለው የቦርሳ ስም ደግሞ በ1941 ኒውዮርክ ከተመሠረተ ድርጅት ነው። ምልክቱን ቀረብ ብለው ይዩት፤ ፈረስና ሰረገላ ነው። ብዙ ሴቶች ትከሻ ላይ የሀንጋሪዋ መንደር ተንጠልጥላ ትሄዳለች።

አንድ ወጥመድ ግን አለ። «ካውች» የሚባል ሌላ ቃል አለ፤ ሶፋ ነው። ዘር አይነካቸውም። በፈጣን ንግግር ግን ይመሳሰላሉ። እንግሊዝኛው ኮች አፍ ሲከፈት «ኦ» ብሎ ይጀምራል፣ ካውች ግን «አ» ብሎ። አንድ ወዳጄ ቦርሳውን አገር አቋራጭ ላይ ረስቶ ለጠፉ ዕቃዎች ቢሮ ሲደውል «ካውቹ ላይ ተውኩት» አለ። «ታዲያ ቤትዎ ነዋ ያለው» አሉት።

የለንደኑን ጉዞ በተመለከተ እህትዎ በቪክቶሪያ ሲሉ ልብ ይበሉ። ቪክቶሪያ የሚባል የባቡር ጣቢያ አለ፣ ከሥሩ የምድር ውስጥ ባቡር አለ፣ ቪክቶሪያ ኮች ስቴሽን ደግሞ ለብቻው ነው። በ1932 የተከፈተ የቆየ ሕንፃ ነው፤ ከባቡር ጣቢያው በበኪንግሃም ፓላስ ጎዳና ጥቂት ደቂቃ በእግር ያስኬዳል። መነሻውና መድረሻውም አንድ ሕንፃ አይደሉም፤ መሃላቸው መንገድ አለ። እናንተ የምትፈልጉት መነሻውን ነው። መንገድ ላይ ከጠፋብዎ «ኮች ስቴሽን» ብለው ይጠይቁ። «ባስ» ካሉ ሰዉ እጁን ዘርግቶ ቀዩን የከተማ አውቶብስ ያሳይዎታል፤ እሱ ደግሞ በርሚንግሃም አይሄድም።